ልጅ የዘገየበት ቤት

ከደብረ ታቦር ተነስታችሁ የጉናን ተራራ በስተቀኝ እያያችሁ፣ ነፋስ መውጫን አልፋችሁ በጨጨሆ በኩል ወደ ወሎ ብትዘልቁ አንቺም ከሚባል ሜዳ አጠገብ ትደርሳላችሁ። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የወደቁት እዚያ ነው። በሁለተኛው ቀን የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ዘውዱም ወደ ተፈሪ መኮንን ዞረ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ጦርነት የሥልጣን ሽኩቻ ይሉታል፣ ልክም ናቸው። ነገሩን ወደ ኋላ እየጎተተ ለሚመረምር ግን፣ ሥሩ ላይ የሚያገኘው ልጅ የዘገየበት ቤት ነው።

ዘውዲቱ ወልደው ልጅ አላደገላቸውም። የራስ ጉግሣ ወሌ አክስት እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ጭራሹን አልወለዱም። ጣይቱ በአባታቸው በኩል የሚወለዱት ከየጁው ራስ ጉግሣ ነው። ያ ቤት ጥንቱን የሙስሊም ቤት እንደነበር፣ ደብረ ታቦርንም መናገሻው እንዳደረገ አንባቢ ያውቃል። ጣይቱ ከምኒልክ በፊትም ብዙ ጊዜ አግብተው ነበር፤ ከአንዱም ልጅ አልሆነም። ምኒልክ ግን ከሌሎች ሴቶች ዘውዲቱንና ሸዋረገድን ወልደዋል። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ሹክሹክታ ጥፋቱን ወዲያው እቴጌዪቱ ላይ ጣለው። ሁለቱ ሳይወልዱ በመቅረታቸውም አልጋው ለልጅ ልጅ ለልጅ ኢያሱ ተላለፈ። አባታቸው ወሎዬው ራስ ሚካኤል ቀድሞ ሙሐመድ ዐሊ ይባሉ የነበሩት ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ሲወርዱ የቀረበባቸው ክስ ምን እንደነበር በዚህ መጽሔት አንባቢ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከጣይቱ በፊት ምኒልክ የኖሩት ከወይዘሮ ባፈና ጋር ነበር። ባፈና ከሌላ ሰው ብዙ ልጆች ወልደዋል። ምኒልክም ከሌላ ወልደዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ግን አልወለዱም! ታዲያ መኻኑ ማን ነው ልንል ነው? የልጅ መዘግየት የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የሁለት ሰዎች ጉዳይ መሆኑን ከቤተ መንግሥቱ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከዚያ ቤተ መንግሥት ወጥተን ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ ላይና ታች ጋይንት ጎጆዎች እንግባ። በዚያ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይኖራል። በአንድ ነገር ደግሞ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሙሽራ ገብታ ዓመት ከሞላት በኋላ ሆዷ ይታያል። አማት በዓይኗ ትጠይቃለች። በሁለተኛው ዓመት ጎረቤት በአፉ ይጠይቃል። በሦስተኛው ባልየው ሌላ እንዲያገባ ይመከራል፣ ወይም ልጅቷ ጓዟን ሸክፋ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ባልየው ተመርምሮ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «እንዴት ወንድ ልጅ ይመረመራል!» ይባላል።

ወንድሜ ሆይ፣ ቅዱስ ቁርኣን ስለ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) የሚተርከውን አስታውስ። በሱረቱ መርየም ውስጥ ዘከሪያ ጌታቸውን ሲለምኑ በመጀመሪያ ያነሱት የራሳቸውን አጥንት መድከምና የራሳቸውን ሽበት ነው፤ የሚስታቸውን መኻንነት የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። በሱረቱል አንቢያእ ደግሞ አላህ ዱዓቸውን መቀበሉ ሲነገር፣ ስለ ሚስታቸው የገባው ቃል ከ«ኢስላሕ» ሥር የወጣ ነው፤ ማበጀት፣ መጠገን ማለት ነው። ዛሬ በሕክምናው ዓለም «ጠጋኝ» ወይም «ተፈጥሮን መላሽ» የሚባለው የመኻንነት ሕክምና የሚለው ይህንኑ ነው። ልጁን ከማኅፀን ውጭ ከመሥራት በፊት፣ ሰውነቱ ምን እንደጎደለው ፈልጎ ያንኑ መጠገን። ኢብን ሲናም (እ.ኤ.አ. በ1037 የሞተው) በቃኑን ሦስተኛ መጽሐፍ የመውለድ እክልን ሲያብራራ ምክንያቱን ከወንዱም ከሴቷም በኩል ይፈልጋል። ከእርሱ ወዲህ ሺህ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኛ ግን ገና ሴቷን ብቻ እንፈልጋለን።

የእኛ አገር ሰው መድኃኒት ከመፈለግ ቦዝኖ አያውቅም። ጠበል የሄደ አለ፣ ለዛር ያጎነበሰ አለ፣ ስለት የተሳለ፣ ዚያራ ብሎ ወሎ የተሻገረ አለ፤ ሥር ምሶ ቅጠል በጥብጦ ያጠጣ መድኃኒተኛም በየቀበሌው አለ። ከባሕር ማዶ የሚመጣም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በጣና ምሥራቅ ደሪጣ የተባለችው የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ በቅፍለት ንግድ የታወቀች ነበረች። በምጽዋ በኩል ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ወሸባ የሚሉት የቂጥኝ መድኃኒት ይገኝበታል፤ ስሙ «ዑሽባ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የሚወስደው ሰው ለሳምንታት ከቤት ሳይወጣ፣ ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል። ዛሬ በሽተኛን ለይቶ ማቆየትን «ወሸባ» የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። መቼም ሕዝቡ አንድ ነገር በደንብ ገብቶት ነበር፤ የአባለዘር በሽታና የልጅ ማጣት በአንድ መንገድ እንደሚጓዙ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በ25 አገሮች፣ በ33 ማዕከሎች ልጅ የዘገየባቸውን ጥንዶች አስመርምሮ ነበር። በአፍሪካ ከተመረመሩት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ችግራቸው ከኢንፌክሽን የመነጨ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከሌላው ዓለም እጅግ የላቀ ነበር። ጨብጥና ክላሚዲያ ወደ ላይ ወጥተው የማኅፀን ቱቦዎችን ያቃጥላሉ፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ትቶ ቱቦውን ይደፍነዋል። ክላሚዲያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም፣ ሴቲቱ ሳታውቀው ያልፋል። ሁለተኛው መንገድ ወሊድ ነው። እጁን ባልታጠበ ሰው፣ ባልተቀቀለ ምላጭ የወለደች እናት ከአራስ ትኩሳት ብትተርፍ እንኳ ሁለተኛ ልጅ ላታይ ትችላለች። «አንዴ ወልዳ ማኅፀኗ ተቆለፈ» ስንል የምንሰማው አብዛኛው ይህ ነው፤ ቡዳም ሟርትም አይደለም።

በአዲስ አበባ የሠራችው የማኅፀን ሐኪም ኤሊዛቤት ዳንከን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመችው ጥናት ደግሞ ለእኛ አካባቢ የሚመር ነገር ይነግረናል። የወር አበባ ሳያዩ ወደ ባል የገቡ ኢትዮጵያውያት ለአባለዘር በሽታ ይበልጥ ይጋለጡ እንደነበር ያሳያል። በጋይንትና በእስቴ ልጅን በጨቅላነቷ መዳር ለረጅም ዘመን ክብር ተደርጎ ሲቆጠር የኖረ ነው። እንግዲህ ልጅ በጊዜ እንድትወልድ ብለን በጊዜ የዳርናት፣ በዚያው ምክንያት ልጅ የምታጣበት ሁኔታ አለ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ የእኛም ቤት ከዚህ የነጻ እንዳልነበረ እያሰብኩ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ታገሡኝ። መቶ ወጣት ጥንዶችን እናስብ፤ አንድ ላይ የሚኖሩ፣ የሚከላከሉበት ነገር የሌለ። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ 84 ያህሉ ያረግዛሉ። የቀሩት 16 ናቸው። ከእነዚህ 16 ውስጥ ደግሞ ግማሹ፣ ስምንቱ ያህል፣ በሁለተኛው ዓመት ምንም ሳያደርጉ ያረግዛሉ። ታዲያ አንድ መድኃኒተኛ አሥራ ስድስቱን ሁሉ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ተቀብሎ የፈላ ውኃ ብቻ ቢያጠጣቸው ስምንቱ ዓመት ሳይሞላ አርግዘው ዶሮና ሙክት ይዘው ይመጣሉ። ስሙም ከስማዳ እስከ ደብረ ታቦር ይሰማል። ያላረገዙት ስምንቱ ግን ተመልሰው አይመጡም፤ አይቆጠሩም። «እርሱ ጋር የሄደች ሁሉ ወለደች» የሚለው ወሬ የሚወለደው እንዲህ ነው። ሰውየው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፣ እርሱም ያመነው ያየውን ነው።

ይህ ሚዛን ለባህል መድኃኒት ብቻ አይደለም። ለዘመናዊውም ይሠራል። በአሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ሂልገርስ የተጀመረውና በካቶሊክ ሐኪሞች ዘንድ የተስፋፋው «ናፕሮ ቴክኖሎጂ» የሚባል ጠጋኝ ሕክምና አለ። ሴቲቱ የወር አበባዋንና የፈሳሿን ሁኔታ በየቀኑ ትመዘግባለች፤ ሐኪሙ መዝገቡን እያየ ሆርሞኑን ያስተካክላል፣ አስፈላጊ ከሆነም በቀዶ ጥገና ይጠግናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአየርላንድ ጥናት ከ1 ሺህ በላይ ጥንዶችን ተከታትሏል። በአማካይ ከአምስት ዓመት በላይ ልጅ የፈለጉ፣ ሴቶቹም አማካይ ዕድሜያቸው 36 ሊሞላ የቀረበ ነበር። ደጋፊዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ቁጥር ከመቶ 52.8 ነው። ይህ ግን ሕክምናውን ያቋረጡት ሁሉ እስከ 24 ወር ቢቆዩ ኖሮ ይወልዱ ነበር ተብሎ የተሰላ ነው። ከጀመሩት መቶ ውስጥ በእርግጥ ልጅ የታቀፉት 25.5 ናቸው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። በዚያ ዕድሜና ከዚያን ያህል ዓመት ጥበቃ በኋላ ከአራት አንዱ መውለዱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብቻ ከሁለት አንዱ ነው ብሎ ቤቱን የሸጠ ሰው እንዳይኖር።

የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ጥገናዎችም አሉ። እንቁላል በወቅቱ የማይወጣላቸው፣ የወር አበባቸው በሁለትና በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ ሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነ ጥናት ሁለት እንክብሎችን አወዳድሮ ነበር። እስከ አምስት ዙር ወስደው ሌትሮዞል ከተሰጣቸው 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፊን ከተሰጣቸው 19.1 በመቶ ወለዱ። በኔዘርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 1,119 ሴቶች ቱቦአቸው በኤክስሬይ ሲታይ የሚገባውን ፈሳሽ በዘይትና በውኃ ከፍሎ አነጻጸረ፤ በዘይት ከታዩት 39.7 በመቶ፣ በውኃ ከታዩት 29.1 በመቶ በስድስት ወር ውስጥ ጸነሱ። ለምርመራ የገባ ዘይት ለመጽነስም ረዳ ማለት ነው! ነገር ግን እነዚህ ሴቶች ቱቦአቸው ይጎዳል ተብሎ የማይጠረጠር ነበሩ። ጨብጥ ጠባሳ ለጣለባት እህታችን ይህ ቁጥር የእርሷ አይደለም።

ጥቁር አዝሙድስ? ትሉኝ ይሆናል፤ ሐዲሱን እናውቃለንና። በኢራን 68 ወንዶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ለሁለት ወር ዘይቱን የጠጡት የዘር ፈሳሻቸው ብዛትና እንቅስቃሴ መሻሻሉን አሳይቷል። ስንት ልጅ ተወለደ የሚለውን ግን አልቆጠረም። ስለዚህ መጠቀሙን አልከለክልም፤ በእርሱ ተማምኖ ምርመራን ማዘግየትን ግን እቃወማለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው ማዘዛቸው አንዱን መድኃኒት ይዞ ሌላውን ለመዝጋት አይደለም።

በውጭ አገር መጻሕፍት ልጅ ለዘገየባት ሴት የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ክብደት ቀንሺ የሚል ነው። ለከተማ ሰው ይሠራል። የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንትና የስማዳ ስም ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት መዝገብ ውስጥ የገባው በጥጋብ አይደለም። የራበው ሰውነት የወር አበባን ያቆማል፣ እንቁላል አያወጣም። ለዚያች ሴት የመጀመሪያው መድኃኒት እንጀራዋ ላይ የሚጨመር ሽሮና እንቁላል ነው። ሌላም አለ። ባልየው ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሑመራ ወርዶ ወራት ይቆያል፣ ወይም ሚስት ዐረብ አገር ናት። ከዚያ «ሦስት ዓመት ሆነን፣ ልጅ የለንም» ይባላል። በሦስቱ ዓመት ውስጥ አብረው ያደሩት ስንት ወር ነው? ይህን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚጽፍ ሐኪም ቢገጥማችሁ እናንተው ንገሩት።

ቀኑም ቢሆን ማንኛውም ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የታተመ የዊልኮክስና የባልደረቦቹ ጥናት 221 ሴቶችን ተከታትሎ፣ ጽንስ የተገኘው እንቁላሉ በሚወጣበት ቀንና ከእርሱ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ ብቻ እንደሆነ አረጋግጧል፤ በጠቅላላው ስድስት ቀን። እንቁላሉ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። በ28 ቀን ለሚመጣባት ወደ 14ኛው ቀን፣ በ35 ቀን ለሚመጣባት ወደ 21ኛው ቀን መሆኑ ነው። በእነዚያ ቀናት ፈሳሹ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ጥርት ያለና የሚሳብ ይሆናል።

እህቴ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንቺ ከብዙ ሴቶች ቀድመሽ የተራመድሽ ነሽ። ለሶላትሽና ለጾምሽ ስትይ የሐይድሽን መግቢያና መውጫ ትቆጥሪያለሽ፤ በፊቅህ ኪታብ ውስጥ የቢጫውና የድፍርሱ ፈሳሽ ፍርድ ሳይቀር ተነግሮሻል። በአውስትራሊያ ዶክተር ጆንና ኤቭሊን ቢሊንግስ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለሴቶች ማስተማር የጀመሩትን ምዝገባ እናትሽ በጣቷ እየቆጠረች ግማሹን ታውቀው ነበር። የቀረው ጠርቶ የሚሳበውን ቀን መጨመርና በደብተር መጻፍ ነው። የሦስት ወር ደብተር ይዛ የምትመጣ ሴት ለሐኪሙ ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ታተርፋለች። ይህን መናገር ነውር ነው የሚል ካለ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐያእ ሃይማኖታቸውን ከመማር ስላላገዳቸው መሆኑን ያስታውስ።

ሁሉም የሚጠገን አይደለም። ሁለቱም ቱቦዎች የተደፈኑባት ወይም የባሏ ዘር ፈጽሞ የጠፋባት ሴት ዓመታትን በእንክብልና በቅጠል ብትፈጅ የምታጣው ዕድሜዋን ነው። ከ35 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች ከማኅፀን ውጭ ተጸንሶ በሚገባ አንድ ጽንስ ከሦስት አንዱ ገደማ ልጅ ይሆናል፤ ከ43 ዓመት በኋላ ግን ከመቶ አምስትም አይሞላም። በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከፍቷል። በአንዳንድ ቤት «ሐራም ነው» ተብሎ በጅምላ ሲነገር እሰማለሁ። ኋላ የአዝሃር ሸይኽ የሆኑት ጃደል ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1986 ዐማን ላይ ባደረገው ጉባኤ የለዩት ድንበር ግልጽ ነው፤ ዘሩም እንቁላሉም ማኅፀኑም የባልና የሚስት ከሆነ፣ ጋብቻውም ካልፈረሰ፣ ለሚያስፈልገው ይፈቀዳል፤ ሦስተኛ ሰው ከገባበት አይፈቀድም። እንግዲህ ጠጋኙን መንገድ የምመክረው ሌላው ስለተከለከለ አይደለም። ቅርብ ስለሆነ፣ ርካሽ ስለሆነ፣ ብዙውንም ሰው ስለሚበቃ ነው።

ቅርብ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን ወደ ገጠር መላክ ከጀመረ ወዲህ መንገዱ እያጠረ መጥቷል፤ ዛሬ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች አሉ። አንድ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ ልጅ ካልመጣ፣ ሴቲቱም ከ35 ዓመት ካለፈች በስድስት ወር፣ ሁለታችሁም ተነሱ። መጀመሪያ የሚመረመረው ባልየው ይሁን። ከሚዘገዩት ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ምርመራውም ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ቀዶ ጥገና የለው፣ ሕመም የለው፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ በንጹሕ ብልቃጥ መስጠት ብቻ ነው። የአንድ ቀን ውጤት ደካማ ቢሆን ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል፤ የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ያን ያህል ይፈጃልና። በዚያ ሦስት ወር ሲጋራውን ይተው። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከተገኘ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታከሙ፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይገባል።

ለአማቶችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅቷን ወደ አባቷ ቤት ከመላካችሁ በፊት የልጃችሁን የላቦራቶሪ ወረቀት ጠይቁት።